ግራቪሊያህን በኦክ መድኃኒት አትውጋው

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ሰላም ጋሼ። ግቢያችን ውስጥ አባቴ በአጥሩ ጥግ የተከላቸው ስድስት ትልልቅ ዛፎች አሉ። ሦስቱ ካምና ጀምሮ ከጫፋቸው እየደረቁ ነው። ግንዳቸው ላይ ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ ጥቁር ሙጫ ያወጣል። በስልኬ ዛፍ የሚለይ አፕ ፎቶ አንስቼ ሳሳየው ‹ሲልኪ ኦክ› አለኝ። ከዚያ ስለ ኦክ በሽታ ሳነብ ደነገጥኩ። በጥቂት ሳምንት ይገድላል፣ ሥር ለሥር ይተላለፋል፣ ከግንዱ ደም የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል ይላል። ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ እዚያ ፕሮፒኮናዞል የሚባል መድኃኒት በመርፌ ይወጉታል አለኝ። እኔም ለስንዴ ዋግ የሚሸጠውን ቲልት ገዝቻለሁ፣ ድሪልም ተውሻለሁ። ግንዱን ቀድጄ ልጨምርበት? ጓሮ ያለው ቡናና ደጅ ያለው ወይራስ ይያዝብን ይሆን? አጥሩን ካቻምና በግንብ ስናሠራ እንኳ ተርፈው ነበር፣ አሁን እንዲህ መሆናቸው አሳዘነኝ። ወንድሜ ለክረምት ሲመጣ የእውነተኛውን ኦክ ፍሬ ይዤልህ እመጣለሁ፣ በቦታው ትተክለዋለህ ብሏል። ምን ይላሉ?»

ቲልቱን አስቀምጠው። ድሪሉንም ለባለቤቱ መልስ።

ዛፎችህ ኦክ የሚባለው የፈረንጅ ዛፍ አይደሉም። በላክኸው ፎቶ ላይ ቅጠሉ እንደ ፈርን የተሰነጣጠቀ ነው፣ ጀርባው ብርማ ነው፣ አበባው ከቢጫ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ይህ ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ፣ ከደሴ እስከ ወልዲያ በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር የምናየው ግራቪሊያ ነው። አገሩ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። አፑም አልዋሸህም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንጨቱ ሲሰነጠቅ የኦክ ስለሚመስል እንደዚያ ይሉታል። በዝምድና ግን አይገናኙም። እውነተኛ ኦክ በኢትዮጵያ በተፈጥሮ አይበቅልም፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በሙሉ የለም። በአህጉራችን ያለው በሰሜኑ ጫፍ፣ እንደ ሞሮኮና አልጄሪያ ባሉት አገሮች ነው። ስለዚህ ያስደነገጠህ ጽሑፍ ሁሉ ስለ ሌላ ዛፍ ነው።

ያነበብከውም ቢሆን አንድ በሽታ አይደለም። ቢያንስ ሁለት በሽታዎችን አንድ ላይ ደባልቀሃል፣ ወይም የጻፈው ሰው ደባልቆብሃል። ይህ መደባለቅ ደግሞ መድኃኒቱ ላይ ያሳስታል፤ ስለዚህ ትንሽ ላብራራው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በጥቂት ሳምንት የሚገድለውና ሥር ለሥር የሚተላለፈው ኦክ ዊልት ነው። ወንድምህ ያለበት ሚኒሶታ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁት ግዛቶች አንዱ ነው። አምጪው ብሬትዚየላ ፋጋሲያረም የሚባል ፈንገስ ነው፤ በሽታው በ1940ዎቹ ዊስኮንሲን ውስጥ ነው የታወቀው። እስከ 2017 ድረስ ፈንገሱ ሴራቶሲስቲስ ይባል ነበርና በድሮ ጽሑፍ በዚያ ስም ብታገኘው አትደናገር። ውኃ በሚያሳልፉት የግንዱ ቧንቧዎች ውስጥ ይገባል። ዛፉ ፈንገሱን አግዳለሁ ብሎ የራሱን ቧንቧዎች ይደፍናል። ደፍኖም በውኃ ጥም ይሞታል። ቀይ ኦክ የሚባለው ወገን አንዴ ከተያዘ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ያበቃለታል፤ ነጭ ኦክ የሚባለው ግን ለዓመታት ሊታገል፣ አንዳንዴም ሊድን ይችላል።

መተላለፊያው ሁለት ነው። ጎን ለጎን የበቀሉ ኦኮች ሥራቸው ከመሬት በታች እየተጣበቀ አንድ ይሆናል፤ ፈንገሱም በዚያ ያልፋል። ሁለተኛው ደግሞ በሞተው ቀይ ኦክ ቅርፊት ሥር ፈንገሱ ጣፋጭ ሽታ ያለው ምንጣፍ ይሠራል። ትንንሽ ጥንዚዛዎች ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ። ከዚያ ስፖሩን፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበትን እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር፣ ተሸክመው አዲስ የተቆረጠ ኦክ ላይ ያርፋሉ። ለዚህ ነው ሚኒሶታ ውስጥ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ኦክ አትግረዙ የሚባለው። በሽታው እስከ 2023 ድረስ በአሜሪካ ብቻ ነበር የሚታወቀው፤ በዚያ ዓመት ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥም ተገኘ። የሚያጠቃው ኦክንና የቅርብ ዘመዶቹን ነው። ግራቪሊያን አያውቀውም።

ከግንዱ ደም የመሰለ ፈሳሽ የሚያወጣው ሌላ ነው። የኦክ ድንገተኛ ሞት ይሉታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን ጨርሷል። አምጪው ፋይቶፍቶራ ራሞረም ይባላል። ፈንገስ ይመስላል እንጂ ፈንገስ አይደለም፤ የውኃ ሻጋታ ከሚባለው ወገን ነው። ዘመዱን በደንብ ታውቀዋለህ፦ ደጋው ላይ የድንች ማሳን በሳምንት ውስጥ የሚያጠቁረው የዚሁ የፋይቶፍቶራ ወገን ነው፣ ገበሬው ሪዶሚል የሚረጭበት። በሐብሩና በመርሳ በኩል ብርቱካን ያለማ ሰውም ግንዱ ሥር ሙጫ የሚያስለቅሰውን ዘመዱን ያውቀዋል።

ከዚህ በሽታ የሚገርመኝ ነገር አለ። ኦኩ ላይ ስፖር ብዙም አይራባም። የሚራባው አጠገቡ ባለ ሌላ ዛፍ፣ ካሊፎርኒያ ቤይ ሎረል በሚባለው ቅጠል ላይ ነው። ያ ዛፍ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ከማሳየት በቀር ምንም አይሆንም፤ ዝናቡ ግን ስፖሩን ከእሱ አጥቦ ኦኩ ላይ ያፈሰዋል፣ ኦኩም ይሞታል። ከአገር አገር የተጓዘው ደግሞ በጫካ አይደለም፣ ለጌጥ በሚሸጡ ችግኞች ነው። በ2009 እንግሊዝ ውስጥ ላርች የሚባለውን የጥድ ዘመድ መግደል ሲጀምር ኦክ ብቻ ነው የሚያሳስበው ብሎ ያሰበ ሁሉ ተደናገጠ።

ሌሎችም አሉ። እንግሊዝ ውስጥ ኦክን የሚያቆስለው ብሬኔሪያ ጉድዊኒ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ግንድ የሚቦረቡር ጥንዚዛም አብሮት ይገኛል። ስፔንና ፖርቱጋል ውስጥ ቡሽ የሚገኝበትን ኦክ ከሥሩ የሚያበሰብሰው ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ ነው፤ አቮካዶን በዓለም ዙሪያ ከሥሩ የሚገድለው ያው እሱ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ1907 ገደማ ጀምሮ የኦክን ቅጠል በነጭ ዱቄት የሚሸፍን ፈንገስም አለ፤ ብቻውን ትልቅ ዛፍ እምብዛም አይገድልም። ሁሉም «ኦኩ ደረቀ» ያሰኛሉ። አንዱ ፈንገስ፣ አንዱ የውኃ ሻጋታ፣ አንዱ ባክቴሪያ ነው። ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው አይሠራም።

አሁን ወደ አንተ ዛፍ እንምጣ። ከጫፍ መድረቅ፣ የተሰነጠቀ ቅርፊት፣ ጥቁር ሙጫ። ሦስቱ አብረው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካንከር የሚባለውን የግንድና የቅርንጫፍ ቁስል ነው። ግራቪሊያ ላይ ይህን በአብዛኛው የሚያመጡት የቦትሪዮስፌሪያ ቤተሰብ ፈንገሶች ናቸው። ኬንያ ውስጥ በግራቪሊያ ላይ በደንብ ተጠንተዋል፤ ደረቅ በሆነው አካባቢ ጉዳታቸው እንደሚበዛም ታይቷል። እኛም አገር የዚሁ ቤተሰብ ፈንገስ በባሕር ዛፍ ላይ ተገኝቷል። ከፎቶ ተነስቶ ፈንገሱን በስም መጥራት አይቻልም፤ ለዚያ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ለምትወስደው እርምጃ ግን ስሙ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

የነዚህ ፈንገሶች ጠባይ ለየት ይላል። ጤነኛ ዛፍ ውስጥ፣ ቅጠሉና ቅርፊቱ ውስጥ፣ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ለዓመታት ይኖራሉ። ዛፉ ሲጠማ፣ ሥሩ ሲቆረጥ፣ በረዶ ሲደበድበው ያኔ ይነሳሉ። ቤተኛ ሆኖ የኖረ ሰው ባለቤቱ አልጋ ላይ ሲወድቅ ዕቃ ማውጣት እንደሚጀምረው ማለት ነው። ስለዚህ «ፈንገሱ ከየት መጣ?» ብለህ አትጨነቅ። ዛፉ ምን ሆኖ ደከመ ብለህ ጠይቅ።

እሱንም ራስህ ነግረኸኛል። «አጥሩን ካቻምና በግንብ ስናሠራ እንኳ ተርፈው ነበር» ያልካት ነገር ለእኔ ከሙጫው ትበልጥብኛለች። አልተረፉም። የዛፍ ሥር እንደሚታሰበው ወደ ታች ብዙ አይወርድም፤ አብዛኛው ከላይኛው ስልሳ ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፣ ወደ ጎን ግን ከጥላው አልፎ ይሄዳል። ግንበኞቹ ለመሠረቱ ሲቆፍሩ በግንዱ አንድ ጎን ያለውን ሥር ጠርገው ቆርጠውታል ማለት ነው። ዛፉ ባጠራቀመው ምግብ አንድ ዓመት ይንገዳገዳል፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ሰውም «አልተነካም» ይላል። በሁለተኛው ዓመት የተረፈው ሥር ውኃ እስከ ጫፍ ማድረስ ያቅተዋል። ጫፉ ይደርቃል። ፈንገሱ ይነሳል። አንድ ነገር አጣራልኝ፦ የታመሙት ሦስቱ ለግንቡ የቀረቡት ናቸው? ከተቆፈረው ጉድጓድ የወጣው አፈርስ ግንዳቸው ሥር ተከምሮ ቀርቷል? ሁለቱም አዎ ከሆነ ዋናውን ምክንያት አግኝተናል።

ይሁንና መጋዝ ከመንካትህ በፊት ሌላ ነገር ማየት አለብህ። በታመመው ዛፍ ግንድ ዙሪያ ያለውን አፈር ትላልቆቹ ሥሮች ከግንዱ የሚነሱበት ቦታ እስኪታይ ድረስ በእጅህ ወይም በትንሽ መኮትኮቻ ክፈተው። ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ አድርግና ተመልከት። ከቅርፊቱ በታች ነጭ፣ ስስ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሽፋን ካየህና የእንጉዳይ ሽታ ከሸተተህ ነገሩ ይለወጣል። ያ አርሚላሪያ የሚባለው የሥር አበስባሽ ፈንገስ ነው። በዝናብ ወቅት ግንዱ ሥር እጅብ ብለው የሚወጡ የማር ቀለም ያላቸው እንጉዳዮችም ምልክቱ ናቸው። ኦክንም በአውሮፓና በአሜሪካ በዚህ መልክ ይገድላል። እኛ አገር ያለው አርሚላሪያ ፉስኪፐስ የሚባለው ዝርያ ሲሆን በተተከሉ ደኖች ውስጥ በግራርና በፓቱላ ጥድ ላይ ተገኝቷል። አፍሪካ ውስጥ አርሚላሪያ ቡናንና ሻይንም ያጠቃል። ከካንከሩ የሚለየው ከዛፍ ወደ ዛፍ በአፈር ውስጥ ስለሚሄድ ነው፣ በተቆረጠ ጉቶ ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። እንግዲህ ቅርፊቱን ፍቀህ ከበታቹ ያለው ሽፋን እርጥብና ነጣ ያለ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ፣ ማራገቢያም ሽታም ከሌለ፣ አብሽር፤ ሥሩ አልበሰበሰም።

ስለ ቲልቱ ልናገር። እውነት ነው፣ ውስጡ ያለው ፕሮፒኮናዞል ነው፣ ሚኒሶታ ለኦክ የሚወጉትም ፕሮፒኮናዞል ነው። ግን ለዛፍ የሚወጋው ለዚያ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ የሚሰጠውም በግንዱ እግር ዙሪያ በተደረደሩ ጠባብ ቀዳዳዎች በተመጠነ ግፊት ነው። የአንተ ጠርሙስ ስንዴ ላይ በውኃ ተበጥብጦ እንዲረጭ የተሠራ ነው። ከዚህም በላይ እዚያም ቢሆን በዋናነት የሚወጉት ገና ያልታመመውን ጎረቤት ዛፍ ለመከላከል ነው። ቅጠሉ የረገፈ ቀይ ኦክ ላይ ገንዘብ አያባክኑም። ወንድምህ ይህን አልነገረህም፣ ምናልባት እሱም ከሩቅ ነው ያየው። ያንተ ችግር ደግሞ ቧንቧ ውስጥ ያለ ፈንገስ አይደለም፤ ቅርፊትና እንጨት የሚያበላሽ ካንከር ነው። በድሪል በሳህ ማለት ለዚያው ፈንገስ አዲስ በር ከፈትክለት ማለት ነው። ማንኮዜብ ወይም ሪዶሚል ግንዱ ላይ መርጨትም ከንቱ ድካም ነው፤ ቁስሉ ውስጥ አይገባም። በዚያ ላይ ቡናህና ወይራህ አጠገብ ነህ፣ ልጆችም ግቢው ውስጥ ይኖራሉ።

ቁስሉን ጭቃ፣ እበት፣ የተቃጠለ ዘይት መቀባትም እንዲሁ ተው። በየመንደሩ ይደረጋል፣ አውቃለሁ። ቀለም ሆነ ጭቃ ቁስልን እንደማያድን ተረጋግጧል፤ እንዲያውም እርጥበት ይዞ ይቆያል። ቁስል መቀባት የሚመከረው ሰው ኦክ ዊልት ባለበት አገር በአደገኛው ወቅት ኦክ ለመቁረጥ ሲገደድ ነው፤ ዓላማውም ጥንዚዛዋ እንዳትደርስ መሸፈን ብቻ ነው። ማዳበሪያም አትጨምር። ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ኤንፒኤስ አይፈልግም፤ የግራቪሊያ ቤተሰብ ደግሞ ፎስፈረስ ሲበዛበት አይወድም።

እንግዲያው ምን ታደርጋለህ? ሦስቱን ለየብቻ እያቸው። የደረቀው የላይኛው ጫፍና ጥቂት ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነና ዋናው ግንድ ደህና ከሆነ ዛፉ ይድናል። በደረቁ ወቅት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ግረዘው። የፈንገሱ ስፖር በዝናብ ጊዜ ነው የሚረጨው፣ ስለዚህ በክረምት አትቁረጥ። ቁስሉ ካለቀበት ሃያ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ወደ ጤነኛው እንጨት ገብተህ ቁረጥ፤ የተቆረጠው እንጨት ውስጡ ጠቆር ያለ ሽብልቅ ካሳየህ ገና አልጨረስክም፣ ዝቅ በል። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሄድ መጋዙን በአልኮል፣ ወይም አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በጥብጠህ ጥረገው። ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበስ፤ የግራቪሊያ ቅጠልና ሰጋቱራ አንዳንድ ሰው ላይ ኃይለኛ ማሳከክና ሽፍታ ያመጣል።

ቁስሉ ዋናውን ግንድ ከግማሽ በላይ ከዞረው ግን ተስፋ አታድርግ። ያ ዛፍ ይወድቃል። ግንቡ ላይ ወይም የመብራት ሽቦው ላይ ሲወድቅ ከምትጠብቅ በጊዜ አውርደው። በመብራት ሽቦ አጠገብ ካለ ራስህ እንዳትወጣ፣ መጀመሪያ መብራቱ ይቆረጥ። እንጨቱን ፍልጥ አድርገህ ማንደድ ትችላለህ፣ ምንም አይልም። ቅርፊቱን ግን ክረምት እስኪመጣ ከሌሎቹ ዛፎች ሥር ቆልለህ አታስቀምጥ። አርሚላሪያ ካገኘህ ደግሞ ጉቶውንና ጣት የሚያህሉትን ሥሮች ሁሉ ነቅለህ አቃጥል። ያው ጉድጓድ ውስጥ ዛፍ አትትከል፤ ለጥቂት ዓመት በቆሎ ወይም ጎመን ይብቀልበት።

ለሚተርፉት ሁሉ፣ ለሦስቱ ጤነኞችም ጭምር፣ በግንዱ ላይ የተከመረውን አፈር ወደ ድሮው ልኩ መልስ። ትልቁ መድኃኒት ይኼ ነው፣ ዋጋውም የአንድ ቀን ጉልበት ነው። ከጥላቸው ሥር ደረቅ ሣር ወይም ገለባ አልብስ፣ ግንዱን ግን አያስነካ። በደረቁ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ውኃ በዝግታ እስኪጠግብ አጠጣ፤ በየቀኑ አንድ ጆግ መድፋት ጥቅም የለውም። ሁለት ዓመት ታገሥ። ግቢውን ኮብልስቶን ለማልበስ ካሰብክ ለእነሱ ስትል ተወው፣ ቢያንስ ጥላቸው የሚያርፍበትን ክፍት ተው።

ቡናውና ወይራውስ? ካንከሩ ይተላለፍ ይሆናል ብለህ አትስጋ። የቦትሪዮስፌሪያ ቤተሰብ ብዙ ዓይነት ዛፍ ላይ ስለሚኖር ወይራህ ውስጥም አሁን ሊኖር ይችላል፤ ወይራህ ካልደከመ ምንም አይሆንም። ቡናህን የሚያሰጋው አርሚላሪያ ከተገኘ ነው። ያኔ በታመመው ዛፍና በቡናው መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍረህ ሥሮቹን ለያይ፣ ስትቆፍር ግን የቡናውን ሥር እንዳትጨርሰው ወደ ግራቪሊያው ጠጋ በል። ዛፎቹ ከሞቱ የቡናው ጥላ ይቀንሳልና እሱንም አስብበት። ወደ የጎፍ ደን ስትወጣ ጽዱም ላይ ደረቅ ጫፍ ብታይ ከአንተ ግቢ ጋር አታገናኘው። ጽድ የራሱ ጠላቶች አሉት፤ የግንዱን ልብ የሚያበሰብስ ፓይሮፎመስ የሚባል ፈንገስ አለ፣ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ የሚመጠምጠው ጥገኛ ተክልም አለ።

የመጨረሻው የኦኩ ፍሬ ነው። መልሴ አይሆንም ነው፣ ለወንድምህም አሁኑኑ ንገረው። ፍሬው ኦክ ዊልትን ያመጣል ብዬ አላስፈራራህም፤ ያ በሽታ በዋናነት በሥርና በጥንዚዛ ነው የሚሄደው። ግን የኦክ ፍሬ ውስጥ የነቀዝ ዓይነት ትሎች ተደብቀው መኖራቸው የተለመደ ነው፣ የሚያበሰብሱት ፈንገሶችም አሉ፣ ሰው ደግሞ ፍሬውን ከመሬት ለቅሞ አፈሩን ሳያራግፍ ኪሱ ይጨምረዋል። አፈር የውኃ ሻጋታ ዋና መኪና ነው። ያለ ፈቃድና ያለ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ የተክል ዘር ይዞ መግባትም ክልክል ነው፤ ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። በዚያ ላይ የሚኒሶታው ኦክ ከባድ የበረዶ ወቅት የለመደ ነው። የቀይ ኦክ ፍሬ ለመብቀል እንኳ ለወራት ብርድ ውስጥ መቆየት አለበት። ኮምቦልቻ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

አጋነንክ የምትል ከሆነ ደቡብ አፍሪካን ተመልከት። ኬፕታውን ውስጥ ኔዘርላንዳውያን በ1652 የጀመሩት የካምፓኒ አትክልት ሥፍራ አለ። እዚያ ኦኮችን ጨምሮ ብዙ ዛፍ ሲሞት ተመራማሪዎች ሥሩን መረመሩ። ያገኙት የአፍሪካውን አርሚላሪያ አልነበረም፤ የአውሮፓው አርሚላሪያ ሜሊያ ነበር። የጥንቶቹ ሰፋሪዎች ከችግኝ ጋር እንዳመጡት ይታመናል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አፈሩ ውስጥ ኖሯል። በ2017 ደግሞ እዚያው አገር፣ ፒተርማሪትዝበርግ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣች ሰሊጥ የምታህል ጥንዚዛ ተገኘች። ግንድ ትቦረቡርና ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ ውስጡ እየዘራች እሱን ትመገባለች። በየከተማው የቆሙ ትልልቅ ኦኮችን እየጣለች ነው። ከምትራባባቸው ተክሎች ውስጥ አቮካዶና ጉሎ ይገኙበታል። ጉሎ ደግሞ እኛ አገር የማይበቅልበት ቦይ ዳር የለም።

ወይራና ቡና ላለው ሰው ሌላም ልጨምር። ዚለላ ፋስቲዲዮሳ የሚባል ባክቴሪያ አለ። አሜሪካ ውስጥ የኦክን ቅጠል ከዳር ጀምሮ ያቃጥላል። በ2013 የዚሁ ባክቴሪያ ሌላ ወገን ደቡብ ጣሊያን ውስጥ በወይራ ላይ ተገኘና ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ወይራ አደረቀ። የገባው ከመካከለኛው አሜሪካ በመጣ የጌጥ ቡና ተክል እንደሆነ ነው ጥናቱ የሚያመለክተው። የእኛ ወይራ ከጣሊያኑ ጋር አንድ ዝርያ ነው፣ ንዑስ ዝርያው ብቻ ነው የሚለየው። ወንድምህ ስጦታ ካማረው ጥሩ የመግረዣ መጋዝ ያምጣ።

በሞቱት ቦታ፣ አርሚላሪያ ከሌለ፣ ዋንዛ ወይም ወይራ ትከል። ዋንዛው ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ ይደርሳል፣ ለቡናውም ጥላ ይሆነዋል። ወይራው ቀርፋፋ ነው፣ ግን ድርቅ ይችላል። ሁለቱንም ከግንቡ ቢያንስ አራት ሜትር አርቅ፣ አባትህ ሲተክል ግንብ አልነበረም፣ አንተ ስትተክል ግን አለ።

ላቦራቶሪ ማረጋገጥ ከፈለግክ፣ በተለይ ነጩን ማራገቢያ ካየህ፣ የወረዳህን ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ጠይቀህ ናሙናውን ወደ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አስልክ፤ ማን እንደሚቀበልህ አስቀድመህ ደውለህ እወቅ። ናሙናው ሙሉ በሙሉ ከሞተው ቦታ አይሁን፣ እዚያ የሚገኘው ሬሳ በል ሻጋታ ነው። ሕያውና የሞተ ቅርፊት ከሚገናኙበት ጠርዝ መዳፍ የሚያህል ከእንጨቱ ጋር ቁረጥ። ሥር ከሆነ ከነአፈሩ። በጋዜጣ ጠቅልል፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፍበት፣ በአንድ ሁለት ቀን ይድረስ። በፌስታል አትዝጋው፤ መንገድ ላይ ያልበው ይሆንና ሲደርስ የሚበቅለው ሌላ ሻጋታ ነው።